የከል እጅጌ

«አንቺ አበቡ፣ ቀሚስሽ ምነው አጠረ?»

እሜቴ ሐረገወይን ይህን የጠየቋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ የደጁን ደረጃ ወጥተው ሳይጨርሱ ነው። ዓይናቸው ደክሟል ይባላል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን የእሜቴ ዓይን የሚደክመው ማየት የማይፈልጉት ነገር ሲመጣ ብቻ ነው። ምራታቸው ከፊታቸው ደረጃውን ስትወጣ ቁርጭምጭሚቷን አዩት። ከል የለበሰች ሴት ቁርጭምጭሚቷ አይታይም፤ ሌላው ቤት ቢታይ እንኳ በእሳቸው ቤት አይታይም።

«ጫፉ ተበልቶ ወደ ውስጥ አጠፍኩት፣ እሜቴ።»

«ጥለቱንም?»

«አብሮ ገባ።»

«እንግዲህ ሙት ዓመቱ ደርሷል፤ ያን ቀን ታወልቂዋለሽ» ብለው አልፈዋት ገቡ።

አበቡ ደረጃው ላይ ቀረች። ጥለቱ የት አባቱ ወደ ውስጥ ገባ! ጥለቱ በዚያች ሰዓት በበቅሎ ሆኖ ወደ ድብ ባሕር በሚጓዝ ሰው ዕቃ ላይ ተሰፍቶ፣ የወገራን አቧራ እየጠጣ ነበር። ያ ሰው ደግሞ ባሏ አይደለም። ባሏ በመቃብር ውስጥ ነው፤ ከሉም የለበሰችው ለእሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ካልሆነ እንደ ጎንደር ወይዛዝርት ሁሉ እናንተም በአንድ አፍ ትፈርዱባታላችሁ።

አበቡ የድብ ባሕር ልጅ ናት። አባቷ አያ ቢያዝን ገበሬ ናቸው፤ እርሻ ሲቆም ኮርቻ ይሰፋሉ፣ ደላድል ይሞላሉ። ደላድል ማለት ከኮርቻው ሥር ገብቶ የበቅሎዋን ጀርባ ከመላጥ የሚያድነው ወፍራም ትራስ ነው። ልጅቱም እጇ ከእናቷ ይልቅ ወደ አባቷ ሄደ፤ መርፌ ስትይዝ ሸማ ሳይሆን ሸራና ቆዳ መውጋት ይቀናታል። የፊታውራሪ ልጅ ዳኜ በዚያ ሲያልፍ የተበጠሰ ኮርቻውን ሊያሰፋ ወረደና አያት። አየና ቀረ።

እሜቴ «የኮርቻ ሰፊ ልጅ በእኔ ቤት!» ብለው ፀጉራቸውን ሊነጩ ምንም አልቀራቸው። ግን ልጃቸው አንድ ነው፤ ምን ያድርጉ፣ ተሸነፉ። ከተሸነፉ ወዲያ ደግሞ ሠርጉ የሰው ሠርግ እንዳይመስል ብለው ቀሚሱን ራሳቸው አሠሩ። ጥለቱንም ራሳቸው መረጡት፦ እጅ ሲያርፍበት የሚሻክር፣ መስቀል በመስቀል ላይ የተደራረበ፣ ጎንደር ውስጥ ሁለተኛ የሌለው ጥለት ነበር።

ትዳሩ ገና ቤት ሳይለምድ ዳኜ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። አልተነሣም። እሜቴ ከቀብር በተመለሱ ማግስት የሠርጉን ቀሚስ ከሣጥን አውጥተው፣ ጥቁር ጭቃና ቅጠል በገዛ እጃቸው አፍልተው ነከሩት። ነጩም፣ አረንጓዴውም፣ ቀዩም አንድ ላይ ጠቆረ፤ ጥለቱ በዓይን ጠፍቶ በጣት ብቻ የሚገኝ ሆነ። «እስከ ሙት ዓመቱ ከገላሽ አይወርድም፤ አልቅሺ» አሏት። አበቡም አልቅሺ ሲሏት አለቀሰች። ዳኜ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ገና ያልተለማመዱትን ሰው ማልቀስ እንዴት ያለ ድካም እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ያ በበቅሎ የሚጓዘው ሰው፣ ፎቶ አንሺው አድማሴ፣ ወደዚያ ቤት የገባው በሟቹ ምክንያት ነው። እሜቴ የዳኜን ትንሽ ፎቶግራፍ አስተልቀው ግድግዳ ላይ ለመስቀል ፈለጉና አስጠሩት። ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፤ ፎቶ አንሺ ግን በከተማው የሚቆጠር አልነበረም። አድማሴ ወላጅ የሞተበት ልጅ ሆኖ ለአንድ ጣሊያን ፎቶ አንሺ ዕቃ ሲሸከም አድጎ፣ ሰውዬው አገሩ ሲገባ አሮጌ ካሜራውን ትቶለት ሄደ። በዚያች ካሜራ ነው እንጀራውን የሚበላው። ወይዛዝርቱ ፊት ለፊት «አቶ አድማሴ» ይሉታል፤ ዞር ሲል «የጣሊያን ትራፊ» ነው።

ያን ቀን ሲገባ ካሜራውን እንደ አራስ ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፎት ነበር። እሜቴ ሳቁበት።

«ምነው አቶ አድማሴ፣ ክርስትና ልታነሣው ነው?»

«ሊማሊሞ ላይ በቅሎ አንገጫግጫት የዓይኗ መስተዋት ተሰበረብኝ፣ እሜቴ። ሌላ መስተዋት ከአሥመራ እስኪመጣ ክረምቱን ሙሉ እጄን አጣጥፌ ከረምኩ። ከእንግዲህ ከእቅፌ አላወርዳትም።»

አበቡ ከጓዳው ደጃፍ፣ ለቤቱ በቅሎ ደላድል እየሞላች ነበር። አድማሴ መጀመሪያ ያየው እሷን አይደለም፤ ሥራዋን ነው። ይህን ኋላ ራሱ ነግሯታል፣ እሷም ስለዚህ ነው የወደደችው። ሌላው ወንድ ሁሉ ከሉን አይቶ ፊቱን ያዞራል፤ ወይም ከሉን አልፎ ገላዋን ያያል። ይህኛው ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ደላድሉን ጫን አደረገው። ደላድሉ ሰመጠና መልሶ ተነሣ።

«ይህ ለበቅሎ ነው?»

«ለበቅሎ ጀርባ።»

«ለበቅሎ ጀርባ እንዲህ የሚታዘንለት ከሆነ፣ ለእኔ ካሜራ…» አለና ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ቀሪውን ረሳው።

እሜቴ ግን ቀሪውን ሳይነገራቸው ሰምተውታል። «ሐዘን ላይ ያለች ሴት ለመንገደኛ ወንድ ዕቃ አትሰፋም» አሉና ነገሩን ቆረጡት። ቆረጡት ብለው አሰቡ እንጂ እንኳየሁን ረስተዋል። እንኳየሁ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ መልእክት ካላደረሰች ምግብ የማይወርድላት ሴት። አድማሴ ከበር ሳይወጣ «ለካሜራዬ እንደ ደላድል የተሞላ ቦርሳ ትስፋልኝ» የሚል ቃሉን ተቀብላ ነበር፤ የአበቡንም መልስ በማግስቱ ፒያሳ ድረስ ይዛለት ሄደች። መልሱ አጭር ነው፦ «ያላየሁት ጀርባ ላይ ደላድል አልሰፋም።»

እንዲህ ሆኖ ቀሐ ኢየሱስ ተገናኙ። ከል የለበሰች ሴት ቤተ ክርስቲያን መሄድ አትከለከልም። ከቅጽሩ ጥግ ካለው ወይራ ሥር ካሜራውን አውጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። አበቡ ዓይኗን ጨፍና በእጇ ዳሰሰችው፤ አባቷ የበቅሎ ጀርባ የሚለኩት እንዲህ ነው። የት ጋ ጠንካራ እንደሆነ፣ የት ጋ እንደሚሰበር፣ የት ጋ መተንፈሻ እንደሚሻ በጣቷ አገኘችው። መስተዋቱ ጋ ስትደርስ አድማሴ ደንግጦ እጁን እጇ ላይ ጣል አደረገ።

«እሱን አትንኪው፤ የጣት አሻራ ይይዛል።»

እጁን ግን ቶሎ አላነሣም። እሷም አንሣልኝ አላለችም።

«ለቦርሳው ሁለት እጅጌ አውጪለት፣ በግራና በቀኝ» አላት፤ ድምፁ ተለውጧል። «ሜዳ ላይ ፊልም የምቀይርበት ጨለማ ክፍል የለኝም። ካሜራዋን ቦርሳው ውስጥ አድርጌ፣ ክዳኑን ዘግቼ፣ እጆቼን በእጅጌው አስገብቼ በዳበሳ እቀይራለሁ። ብርሃን በመርፌ ቀዳዳ እንኳ ከገባ ፊልሙ ይቃጠላል። ስለዚህ ውስጡ ጥቁር ይሁን፤ ድርብ ጥቁር።»

«ጥቁር ይገኛል» አለች አበቡ።

ይገኛል! ከየት? ለአድማሴ ግን ነገሩ አልታየውም፤ ይገኛል አለች፣ ይገኛል። ወንዶች እንዲህ ናቸው። እሷም ያን ጊዜ ቅር አላላትም፤ እጁ ያረፈበት የእጇ ጀርባ ገና ትኩስ ነበር።

ሥራውን የሠራችው በጠራራ ፀሐይ፣ እሜቴ የቀን እንቅልፋቸውን ሲተኙ ነው። ለውጩ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የድንኳን ሸራ እንኳየሁ ከዕቃ ቤት አወጣችላት። ሙላቱን ከሥር የተነደፈ የበግ ፀጉር፣ ከላይ ጥጥ አደረገችው። ጥጡን ከገዛ ትራሷ መዥርጣ ነው ያወጣችው፤ ከዚያ ወዲህ ክንዷን ተንተርሳ ትተኛ ነበር። ከዚያ አባቷ እንዳስተማሯት መላውን በትንንሽ አራት ማዕዘን እየወጋች አጠረችው፤ እንዲያ ካልተወጋ ሙላቱ መንገድ ላይ ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል። ለካሜራው አንድ ቤት፣ ለመስተዋቱ አንድ ቤት፣ ለፊልሙ ከጎን ሌላ ቤት አበጀች። ማንገቻው ወጣ፣ ክዳኑ ገጠመ። የቀረው ጥቁሩ ብቻ ሆነ።

በዚያ ቤት ውስጥ ጥቁር ጨርቅ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ለብሳዋለች።

ዐረብ ሱቅ እንኳየሁን ልካ ነበር፤ ጠፍቷል ተባለ። ሌላ ብትጠይቅ ደግሞ «የእሜቴ ምራት ጥቁር ጨርቅ ምን ሊያደርግላት?» መባሉ አይቀርም። መቀሱን አንሥታ ብዙ ጊዜ ቁጭ አለች። በመጨረሻ ከውስጥ እጥፋቱ፣ ከማይታየው ቆረጠች። አልበቃም። የእጅጌው አፍ ደግሞ ማሰሪያ ክሩ ስለሚጎትተው ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። ከቀሚሱ ሁሉ ጠንካራው ጥለቱ ነው። አቤት! እዚያ ስትደርስ አማተበች። ከዚያም የሠርጓን ጥለት ዙሪያውን ሸርክታ አወጣችው፤ በሌላ ሰው የእጅ አንጓ ዙሪያ እንደ አምባር ሰፋችው።

ኃጢአት እንደሠራች ታውቃለች። ግን ልብ በሉ፣ ዳኜ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሰፋች አንጎራጎረች። እንኳየሁ ሰምታ አፏን ያዘች።

ቦርሳውን ያስረከበችው እዚያው ወይራ ሥር ነው። አድማሴ ክዳኑን ዘግቶ፣ ሁለት እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ፣ ጣቶቹን ውስጥ አንቀሳቀሰ። ፊቱ እንደ ሕፃን በራ።

«ሸጋ ነው! ድቅድቅ ነው፣ አበቡ!» አለ። «በምን አጠቆርሽው?» ግን አላላትም፤ «እንዴት አድርገሽ ቀጥ አደረግሽው?» ብሎ ስለ ስፌቱ ጠየቃት። እሷም ስለ ስፌቱ ነገረችው።

ከዚያ ሳቁን ትቶ ተመለከታት። «ድብ ባሕር ስደርስ አባትሽ ዘንድ እገባለሁ። ከሙት ዓመቱ ማግስት ለእሜቴ ሽማግሌ እልካለሁ። በሙት ዓመቱ ዕለት ደግሞ ነጭ ለብሰሽ ስትወጪ፣ የአዲሱ ፊልም የመጀመሪያው ፎቶ ያንቺ ነው። ቃሌ ነው።»

አበቡ ወደ ቤት ስትመለስ ያጠረው ቀሚሷ እግሯን አላደናቀፋትም። ደስታዋ ያስፈራት ነበር።

* * *

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ዳሱ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸፍኖ ከግቢው በር እስከ ጓሮ ተዘርግቷል። ፍትሐቱ አልቆ ካህናቱ ከላይ፣ መኳንንቱ ከጎናቸው ተቀምጠዋል። የእሜቴ ወንድም ቀኛዝማች ሐብተ ማርያም መሐል ላይ ናቸው፤ አድማሴን በየሹማምንቱ ግቢ እየገባ ፎቶ እንዲያነሣ ያስፈቀዱለት እሳቸው ናቸው፤ ነገ ይብቃህ ቢሉት ይበቃዋል። አያ ቢያዝን ከድብ ባሕር መጥተው ከበሩ አጠገብ፣ ከገበሬዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። አበቡ ስትስማቸው በጆሮዋ «ሰውዬው መጥቶ ነበር። ሸጋ ሰው ይመስላል። አንቺ ካልሽ እኔ ምን እላለሁ» ብለዋታል። ይህችን ቃል ይዛ ነው ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳትቀምስ የዋለችው።

ግብሩ ሲያበቃ ንስሐ አባቷ አባ ወልደኢየሱስ ጸሎት ያደርሱላታል፤ ሴቶች ወደ ጓዳ አስገብተው ከሉን ያወልቁላታል፤ ነጭ ለብሳ ትወጣለች። ነጩ ቀሚስ ሣጥኑ ላይ ተጣጥፎ ይጠብቃታል። አበቡ ከእሜቴ ኋላ ቆማ አድማሴን በዓይኗ ትከተላለች። እሱ ካህናቱን አነሣ፣ መኳንንቱን አነሣ፣ እሜቴን በትልቁ የዳኜ ፎቶግራፍ ሥር አስቀምጦ አነሣ። ከዚያ ወደ አበቡ ቀና ብሎ በቅንድቡ ምልክት ሰጣት፦ ፊልሙ አልቋል፣ አዲስ ልከት ነው፤ ቀጥሎ አንቺ ነሽ። ልቧ ዘለለ።

ቦርሳውን ከፍቶ ካሜራውን አስገባ። ክዳኑን ዘጋ። ሁለት እጁን በእጅጌው ውስጥ ከትቶ ክሩን በጥርሱ ጎትቶ አጠበቀ። ሕዝቡ ማየት ጀመረ።

«ኧረ ይህ ሰው እጁ ተበላ!» አለ አንዱ ከገበሬዎቹ፤ ዳሱ በሳቅ ተሞላ።

እሜቴም ያን ቀን ደስ ብሏቸው ነበር። «ወዲህ ቅረብ እስቲ፣ ምትሃት ነው እንዴ የምትሠራው?» አሉት። አድማሴ ሳቅ እያለ፣ እጆቹ እንደ ታሰሩ ቀረብ አለ። እሜቴ በቀልድ እጅጌውን ጎንተል አደረጉት።

ጣታቸው እዚያው ቀረ።

አንዴ ዳበሱት። መልሰው ዳበሱት። ዓይናቸውን አላስጠጉም፤ ዓይን አላስፈለጋቸውም። ያን ጥለት ሸማኔው ቤት ቁጭ ብለው፣ መስቀሉን በመስቀሉ ላይ እያስደረቡ ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ጭቃ ውስጥ የነከሩትም እሳቸው ናቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ወረደ።

«ይህ የልጄ የሠርግ ጥለት ነው» አሉ።

ሳቁ ከፊት ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ ጠፋ።

«ከማን አገኘኸው?»

አድማሴ እጅጌውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ያን ሁሉ መንገድ አብሮት ሲጓዝ፣ ስንት ጊዜ እጁን ሲያስገባበት ያላየውን አሁን አየው። ከዚያ የአበቡን ቀሚስ አየ፤ ቁርጭምጭሚቷን አየ። ገባው። ዓይኑ ዓይኗ ላይ አረፈ።

አበቡ በዚያች ቅጽበት አልፈራችም። እንዲያውም፣ ሞኝነቷን አትፍረዱባት፣ ደስ አላት! ሽማግሌ ነገ የሚላክ ከሆነ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እዚህ ተቀምጠዋል። ንስሐ አባቷ አሉ። አባቷ አሉ። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረው። በል እንጂ፣ አለች በልቧ። እሷ ናት የሰፋችልኝ፣ እኔም እፈልጋታለሁ፣ በል። ይቆጡ፣ ይርገሙን፣ ግን በል።

አድማሴ ቀኛዝማችን አየ። እሜቴን አየ።

«ከቅዳሜ ገበያ ነው የገዛሁት፣ እሜቴ። ከማላውቃት ሴት።»

ከማላውቃት ሴት። አበቡ ቃሉን ሰማችው፤ ጆሮዋ ግን አልተቀበለውም፤ መልሶ መልሶ ነገራት። ከማላውቃት ሴት።

እሜቴ ዞሩና የቀሚሷን ጫፍ ይዘው በሰው ሁሉ ፊት ገለበጡት። ጥለት የለም። የተሸረከተ ጠርዝ ብቻ ነው። ከበሩ አካባቢ አያ ቢያዝን ብድግ አሉ። እሳቸው ጥለቱን አያውቁትም፤ ቦርሳው ላይ ያለውን አራት ማዕዘን ውግ ግን ያውቁታል፤ የእጃቸው ልጅ ነው። ልጃቸውን አዩ፣ ያን «ሸጋ ሰው» ያሉትን ሰው አዩ። ከዚያ መልሰው ተቀመጡና ወደ መሬት አቀረቀሩ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አድማሴ ከዚያው ቆሟል። እጆቹ እስከ ክርኑ እጅጌው ውስጥ ናቸው። በእሷ ቀሚስ ውስጥ፣ በእሷ ጥለት ታስረው። አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቢራመድ፣ አንድ እጁን ቢያወጣ! አበቡ እጆቹን ብቻ ትጠብቅ ነበር። አላወጣቸውም።

ያን ጊዜ በውስጧ የሆነ ነገር ቀዘቀዘ። ድምፅዋ ሲወጣ የራሷ አልመሰላትም።

«እውነቱን ነው» አለች። «ከገበያ ነው የገዛው። ጫፉን ቆርጬ ለገበያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ሰውዬ አላውቀውም።»

ዳሱ «ዋይ!» አለ። ለወንድ ሰፋች ቢባል ወጣትነት ነው፣ ይባል ነበር፤ ይታማል፣ ይረሳል። የባሏን ከል ለገበያ ያወጣች ሴት ግን ምን ስም ይወጣላታል? እሜቴ ደረታቸውን መቱ። ልጃቸው ያን ቀን ሁለተኛ ሞተባቸው፤ ስለ እውነት እናውራ ከተባለ እሳቸውም ያሳዝኑ ነበር። አባ ወልደኢየሱስ መስቀላቸውን እያሻሹ ያልተፈጸመ ሐዘን ሐዘን እንደማይባል፣ ዓመቱም እንደ አዲስ እንደሚቆጠር ተናገሩ።

«ይነከርልኝ» አለች አበቡ። ሣጥኑ ላይ ያለውን ነጩን ቀሚስ ራሷ አንሥታ ለእሜቴ ሰጠቻቸው። «ይኼኛው ይነከርልኝ።»

ስትወጣ ዞር ብላ አላየችም። ከኋላዋ የቦርሳው ክዳን ሲከፈት ሰማች፤ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያቺ ድምፅ አመመቻት።

* * *

አድማሴ ደብዳቤ ላከ። አንድ ወረቀት ሙሉ አድርጎ የጻፈውን እንኳየሁ በጉያዋ ሸሽጋ አመጣችው። ምን ዋጋ አለው? አበቡ ፊደል አልቆጠረችም፤ በግቢው ውስጥ ማንበብ የሚችሉት አባ ወልደኢየሱስ ብቻ ናቸው። እንደዚያ ያለ ብልህ ሰው ይህን እንዴት ያጣዋል! ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ፣ ያማረ ነው። በመጣበት እጅ መለሰችው፤ እንኳየሁ እስከ በሩ ድረስ እያለቀሰች ሄደች።

ከዚያ ራሱ መጣ። ቀሐ ኢየሱስ፣ ከዚያው ወይራ ሥር ቆሞ ጠበቃት። ከስቷል። ቦርሳው ትከሻው ላይ ነው። አበቡ በአዲሱ ከል ተሸፍናለች፤ ገና ጭቃ ጭቃ ይሸታል።

«ደብዳቤዬን ምነው መለስሽው?»

«ማን ያንብብልኝ? አባ ወልደኢየሱስ?»

እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «አበቡ፣ ላንቺ ብዬ ነው። ሐዘን ሳታወጪ ከወንድ ጋር ስምሽ ቢነሣ ምን ትሆኚ ነበር? ላድንሽ ብዬ ነው የዋሸሁት። ልቤን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ» አለች። የእውነቷን ነው። «ለራሴም እንደዚያ እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ላንቺ ብሎ ነው፣ ላንቺ ብሎ ነው እያልኩ። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልኝ አለ፤ እሱን ንገረኝና ይቅር።»

«ጠይቂኝ። የፈለግሽውን።»

«እሜቴ ቀሚሴን ሲገልቡት፣ አባቴ ቆመው ሲያዩ፣ እጅህን ከእጅጌው ምነው አላወጣኸውም?»

«እንዴት አውጥቼ?» አለ አድማሴ። ጥያቄው እውነት ገርሞታል። «ፊልሙ ክፍት ነበራ! ባወጣው ብርሃን ይገባና የቀኑ ሥራ ሁሉ፣ ቀኛዝማቹ፣ ካህናቱ…»

የተናገረውን የሰማው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። አበቡ ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«ደኅና ወጡ?» አለችው።

«ምኖቹ?»

«ፎቶዎቹ።»

ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት። አንድ በአንድ አየቻቸው። ካህናቱ አሉ፤ የጥምጥማቸው እጥፋት ሳይቀር ይታያል። ቀኛዝማች አሉ። እሜቴ ከዳኜ ሥር ተቀምጠዋል። አንድም ላይ ብርሃን አልገባም፤ ድርብ ጥቁሩ ሥራውን ሠርቷል። እሷ የለችም። የእሷ ፎቶ በአዲሱ ፊልም ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ነበርና የትም የለም።

«ሸጋ ናቸው» ብላ መለሰችለት። በእጅጌው አፍ ላይ ያለውን ጥለት አንድ ጊዜ በጣቷ ነካ አደረገችው። አንድ ጥግ ላይ ክር ወጥቷል፤ ከልማድ የተነሣ ጠቅ አድርጋ አሰረችው።

አድማሴ እጇን ያዘ። «ነገ ሽማግሌ ልላክ። ነገ! ይብሉኝ፣ ከከተማው ያስወጡኝ። አሥመራ እንገባለን። ለቀኛዝማቹም ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ እኔ ነኝ ያስቆረጥኳት እላለሁ። አልፈራም፣ አበቡ።»

እንደማይፈራ አየችው። አሁን ማንም የለም፤ ወይራውና ሁለቱ ብቻ ናቸው። እጇን ከእጁ ቀስ ብላ አወጣች።

«ሐዘን ላይ ነኝ» አለችው።

«ይህ የቅጣት ከል ነው እንጂ የሐዘን አይደለም! ዳኜ ዓመቱን ጨርሷል፤ አፈር ሆኗል። የማን ሐዘን ነው?»

አበቡ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ድብ ባሕር ሄዶ ከአባቷ ጋር የተቀመጠውን፣ ደላድሉን በአውራ ጣቱ ጫን ያደረገውን፣ እጁን እጇ ላይ የረሳውን ሰው በዓይኗ ፈለገችው። ፊቱ ያው ነው፤ ድምፁም ያው ነው።

«ያንተ» አለችው።

ወደ ደጀ ሰላሙ ስትሄድ ከኋላዋ አልጠራትም። የመጀመሪያውን ደረጃ ስትወጣ ቀሚሱ አደናቀፋት፤ ይህኛው ረጅም ነው፣ ጥለቱም ሙሉ ነው። ተንበርክካ ለመሳለም ጎንበስ ስትል ዕንባዋ መጣ፤ ብታፍነውም እንቢ አላት። ለዳኜ ያለቀሰችው አልቅሺ ተብላ ነበር። ለዚህኛው ማንም አልቅሺ አላላትም።